ሁለት በረኞች

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ቁልፍ ያዥ አረጉኝ፣
በቀይ ክር አስረው አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ፤
የማድ ቤቱን መዝጊያ ከሹጃ እንድጠብቅ፣
ወንድሜ ሌሊት ገብቶ ጥሬ ሊጥ እንዳይሰርቅ።

አራት ዓመቱ ነው፤ ከኔ ግን ይከብዳል፣
አፉ ሮቲ ይዞ ሮቲ ስጡኝ ይላል።
በሳርጎዳ ሰፈር፣ ብርቱካን ሲለቀም፣
ጎረቤት ሲጠራው ስሙ ሹጃ አይደለም፤
ሆዳም ነው የሚሉት። እናቴ ታስኒም
ሰምታ፣ ሆደ ሰፊ ናትና፣ ትላለች ዝም።
ሁለት ሆድ ነበር ቤታችን፤
አንዱ የሚጮህ፣ አንዱ የሚችል።

አጎቴ ይመክራል፦ «ጅራፍ ነው መድኃኒቱ።»
የሰፈሩ ሐኪም፦ «ቀንሱ ከእራቱ።»
ቀነስን።
የትራሱን ጥጥ በላ።

ላሆር ወሰድነው። ዶክተር ፋርሃት ሆዱን አልዳሰሰች፣
ጥቂት ደም ቀዳችና «ወር ጠብቁ» አለች።
በወሩ ጠርታን፣ እንደ ሞራ ገላጭ፣
ስቡን አነበበችው፣ ያለ ካራ፣ ያለ አራጅ፦

«ስብ እንዲያው የተከመረ ጭነት አይምሰላችሁ፤
ደብዳቤ ጸሐፊ ነው። ሌፕቲን የሚባል
ፕሮቲን ይልካል፤ እሱም በደም ይጓዛል፣
አንጎል ደጅ የቆመውን በረኛ ይነካል፤
በረኛው ሰምቶ ለጓዳ ይናገራል፦
‹ጎተራው ሙሉ ነው፤ እጅ ይታጠብ፣ ይበቃል።›
የሹጃ ስብ ግን መጻፍ አይችልም፤
አንዲት ፊደል ጎድላዋለች፣ ከአባትም ከእናትም።
እህሉ ሞልቶ እየፈሰሰ በደጅ
አንጎሉ የሚሰማው የረሃብ አዋጅ።»

እናቴ ነጠላ ጫማዋን አየች፣ ብዙ ቆየች።
«እንግዲያ» አለች፣ «እውነቱን ነበር ራበኝ ሲል።»

መድኃኒቱ መጣ፣ በበረዶ ሣጥን።
ማታ ማታ ጭኑን በቀጭን መርፌ ወጋን፤
ስቡ ያልጻፈውን እኛ ጻፍንለት።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ጠዋት፣
ሹጃ ግማሽ ሮቲ ትቶ ተነሣ።
ተነሣ!
ድመት ሊያባርር ወጣ፣ እያለከለከ።
እናቴ ቁራሹን በሁለት እጇ ይዛ
የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት።

እኔም ክሩን ይዤ ቆምኩ።
ለካ ሁለት በረኞች ነበርን፤
አንዱ እሱ ውስጥ፣ ደብዳቤ የሚጠብቅ፣
አንዷ እኔ፣ ሊጥ የምጠብቅ፤
ለሁለታችንም የነገረን አልነበረም።

አንድ ሌሊት፣ በሩን ሲደበድብ፣
እኔም በዚያ ስም ጠርቼዋለሁ።
አሁን ሰባት ዓመቱ ነው፤ ቁልፉን ድመቷ አንገት ላይ አስሮታል።
አልነገርኩትም።