ሁለት ሁለቱ

ዋያንዶት መንገድ፣ ከልብስ ማጠቢያው ቤት በላይ፣
ዶሪን ካርድ ዘረጋች፣ መነጽሯን ሰቅላ ግንባሯ ላይ።
ከታች ማሽኑ ይሽከረከራል፣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤
የሰው አንሶላ ሲታጠብ የኔ ዕጣ ይበጠበጣል።

«ሁለት ቁጥር» አለች፣ «ደግሞ ሁለት! ምን ጉድ ነው ልጄ?»
ጓንቴን አወለቅሁ፤ በላብ ተጠመቀ እጄ።

ሁለቱ ጽዋ፦ ወንድና ሴት፣ ዋንጫ ለዋንጫ አስጠግተው፣
አንድ ጉንጭ እንኳ ሳይቀምሱ፣ መሐላውን አስቀድመው።
ሁለቱ ሳንቲም፦ አንድ ጎረምሳ፣ መርከብ ከኋላው ሲናጥ፣
ሁለቱንም ያንሳፍፋል፣ አንዱም ከእጁ እንዳያመልጥ።
ሁለቱ በትር፦ ዓለምን በመዳፉ የያዘ ጌታ፣
ከግንቡ ላይ ቆሞ ያያል፤ ለመሄድ ልቡ አመነታ።

ሁለቱ ሰይፍ ሲመጣ ግን ዶሪን ዝም አለች።
ዓይኗን በጨርቅ የታሰረች ሴት፣
ሰይፎቹን ደረቷ ላይ አጣምራ፣
ከጀርባዋ ባሕር፣ ጨረቃ።
እኔን መሰለችኝ።

አሰግድ ከወንዙ ማዶ፣ ዲትሮይት፣ «ነይ» ይላል፤
እኔ ከዊንዘር «ና» እላለሁ፤ ነገሩ ድልድይ ላይ ይውላል።
አባቴ፣ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይል ነበር፤
እናቴ፣ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል»፤
ከዚያ ይኮራረፋሉ።

«ሁለት ማለት መልስ አይደለም፤ ሁለት ማለት መጠየቅ ነው።
አንድ ብቻውን ያወራል፤ ሁለት ሲሆን ነው ሰሚ ያለው።
ሦስትን ለኔ አትተዪ።»

ሃያ ሰጠኋት። ዋጋዋ አሥራ ስምንት፤
ድብ ያለበትን የሁለት ዶላር ሳንቲም መለሰችልኝ።
ወንዙ ዳር ወረድኩ። በረዶው ተቆራርሶ ይሄዳል፣
ወደዚህም ወደዚያም አይል።
ልወረውረው አውራ ጣቴ ላይ አስቀመጥኩት፤
መልሼ ጓንቴ ውስጥ ከተትኩት።
እስኪ መጀመሪያ ይሙቅ።