ውኃ ከጥሩ

የወሩ ቅዳሜ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣
ከድልድዩ በታች፣ እንደ ወትሮው ሦስት።
ሞናሃን ይዘንባል፤
ሞናሃን ሁልጊዜም ወይ ሲዘንብ ያድራል፣
ወይ ሊዘንብ ያስባል።

ዲምፕና ቀድማ ወረደች፣ በጎማ ቦቷ እስከ ጉልበት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ያዳረሰች ሴት፣
የየበሩን ውሻ በስሙ የምትጠራ፣
የትኛው ጎረቤት ማንን እንዳኮረፈ የምታውቅ፣ የማታወራ።
ቫይዶታስ ባልዲውን ይዟል፤
እንጉዳይ ሲለቅም አድሮ ነው የመጣ፣
ከጥፍሩ ሥር ገና አፈሩ ያልወጣ።
እኔ ጸሐፊ ነኝ። ውኃ ስለምፈራ
እርሳስ ይሰጡኛል፣ ከዳር እንድሠራ።

ሥራው ይኸው ነው፦
መረብ ከታች ተክሎ፣ ጠጠሩን በተረከዝ ማመስ፣
ሁለት ደቂቃ፣ ሰዓት እያዩ፣ ከዚያ ወደ ዳር መመለስ፣
ነጭ ሳህን ላይ ዘርግፎ ጭቃው እስኪሰክን መታገሥ።
ያኔ ነው ምስክር የሚገባው፣
ሳይምል ቃሉን የሚሰጠው፣
ጠበቃ የማይገዛው።

ባለ ሁለት ጅራቱ፣ ጠፍጣፋው፣ ከድንጋይ ሥር የሚኖር፣
ኩሩ ነው፤ ውኃው ትንሽ ከጎደፈ አንድ ሌሊት አያድር።
ሌላው አለ፣ ካባውን ከአሸዋ ጠጠር ለጠጠር ሰፍቶ፣
እሱም ነገር ሲበላሽ ይሄዳል፣ ቤት ንብረቱን ትቶ።
ቀዩ ትል ግን የትም አይሄድም፤
ሁሉ ይስማማዋል፣
የት አባቱ ይሄዳል!

ሰባት ዓመት ጻፍኩ። ደብተሩ አብጧል በእርጥበት።
ሚያዝያ፣ አሥራ አራት ባለ ሁለት ጅራት፤
ግንቦት፣ አሥራ አንድ፤ መስከረም፣ ስምንት።
ዛሬ ዲምፕና ሦስቴ ቆጠረች፣ ጎንበስ ብላ፣
ጭቃውን በጣቷ ከፍላ፦
ቀይ ትል። ቀይ ትል። አንድ አልቅት። ሌላ?
ሌላ የለም።
ቫይዶታስ አፍንጫውን አነሳና «ከብት» አለ፣ ቀስ ብሎ፣
እኛ ዝም አልን፤ ውኃው ብቻ አወራ፣ እኛን ችላ ብሎ።

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ።
ሽቅብ ተጓዝን፣ በእሾሁ፣ በአጥሩ፤
ሁለት እርሻ አለፍን፣ ጅረቱ ድፍርስ እንደሆነ፣
ሦስተኛው ዘንድ አንድ ቱቦ፣ ከቱቦው በላይ ውኃው መስተዋት ሆነ።

የፊንታን በር ነው። የወንድሟ።
አረንጓዴ ቀለሙ የተላጠ፣
ልጅ ሳለች ስትወዛወዝበት ማጠፊያው የላላ፣ ዛሬም ያልተለወጠ።

ፊንታን ወጣ፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ፦
«የእበቱ ጉድጓድ ሞልቶ ነው! ዝናቡ አልቆም አለ፣ ምን ላድርገው አንድ ሰው?
የወተት ዋጋ መሬት ወርዷል፣ ባንኩ ደግሞ አይተው።
አንድ ወር ባይጻፍ ማን ይሞታል?»
ሐሰት አልነበረም። ምክንያቱ ውኃ ያነሳል፤
ችግሩ፣ የሚያነሳው ውኃ
ይኸው ቡኒው መሆኑ ነበር።

ዲምፕና በሩን አየች። እሱን አላየችም።
ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም።
ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ጻፍ» አለች።
«ዜሮ?»
«ዜሮ። የቱቦውንም ቦታ።»
እርሳሱ እርጥብ ወረቀት ላይ እንቢ አለኝ፣ ተንሸራተተ፣
ደግሜ ጻፍኩት፤ ዜሮው ከሚገባው በላይ ደመቀ፣ ጎላ፣ ሰፋ፣ ከፈተ።

ገና መጣ፤ ካርድ አልላከላትም።
እሷ ላከች፤
የሰው ካርድ ስታዳርስ ኖራ የራሷን አታስቀርም።

ጥር፣ ቀይ ትል።
የካቲት፣ በረዶ ከመረቡ ላይ እያራገፈች፣
ሳህኑን አጠገቤ አስቀመጠች።
ከሥር አንድ ነገር ተላወሰ።
«ስንት ጅራት አለው?» አልኩ፣ እርሳሴን አሹዬ።
ቫይዶታስ ትንፋሹን ዋጠ።
«ቆይ» አለች ዲምፕና፣
«ጭቃው ይስከን።»