የተገለበጠ ኮሌታ

ሸሚዜን ገልብጣ ኮሌታውን ፈታች፤
በምላጭ ጫፍ ይዛ ክሩን ለቃቀመች።
ያለቀው ወደ ውስጥ፣ ያላለቀው በላይ፣
መልሳ ሰፋችው፤ አዲስ ነው ለሚያይ።
ነገ ክፍል ልገባ እንደ ሰው ዘንጬ፣
ያምስት ዓመት ሸሚዝ አንገቱን ገልብጬ።

ቡሬ ላይ ነው ቤቱ፣ ከበርበሬ ተራ
ሁለት ግቢ አልፎ፣ ካቶ ፈንቴ ጋራ።
ቆጣሪው የጋራ፣ መብራቱ የጋራ፣
ጠባችን ግን አለው የየወሩ ተራ።
«አምፖላችሁ ያድራል» ይለኛል ጋሽ ፈንቴ፤
ፈተና ሳርም ነው፣ ምን ልሁን አባቴ?

እማዋይሽ ሰምታ ቃል አልተናገረች፤
በነጋው አምፖሉን ባምስት ዋት ለወጠች።
አሁን «ሰ» እና «ሱ» እየተምታቱብኝ፣
ዘንድሮ ሰነፉ ሁሉ አለፈብኝ።

ሳሙናውን በክር ባራት ትከፍላለች፤
ሽራፊውን ደግሞ ካልሲ ውስጥ ታስራለች።
የጥርስ ሳሙና ሲያልቅ ሆዱን ትቀዳለች፤
«ሦስት ቀን ይወጣዋል» ብላ ትምላለች።
ሁለት እጅ ጤፍ ነበር፣ ከአንድ እጅ በቆሎ፤
ይኸም ተገልብጧል ኮሌታዬን መስሎ።

ጾም ሲገባ ጊዜ ፊቷ በርቶ ያድራል፤
ቅቤና ሥጋውን እግዜር ይዞልናል።
ፋሲካ ሲቃረብ ያኔ ነው ጭንቀቷ፤
ለቅርጫው መዋጮ ባዶ መቀነቷ።

ቅዳሜ ገበያ ጧት አትሄድም እሷ፤
ዐሥር ሰዓት ሲያልፍ ዘንቢል የምታነሣ።
የድንቹ ባለቤት ውሎ ደክሞት ሳለ፣
የጥሊሊ መንገድ መሸብኝ እያለ፣
ዶማ የነካውን ባንድ ወገን ለይታ፣
«ቁስለኛ ነው» ብላ በግማሹ ገዝታ፣
ትገባለች ሲመሽ እንደ ዘመተ ሰው፤
የማረከችውን ስትቆጥር ጉድ ነው።

እኔም ዘዴ አላጣሁ።
ባልደረቦቼ ና፣ ሻይ ብለው ሲጠሩኝ፣
«ጨጓራዬን» ስል ነው ሁሉም ያዘኑልኝ።
አንዱማ ከሞጣ ተልባ አምጥቶልኝ፣
እማዋይሽ አይታ «ተመስገን» አለችኝ።
ያን ወር ተሻገርነው ተልባውን በጥብጠን፣
ሐሰተኛ ሕመም እውነት እያበላን።

ከፈተና ጀርባ የሰፋችው ደብተር፤
ዘይት አንድ ብርጭቆ፣ የክብሪቱ ቁጥር።
ሰሞኑን ተደብቄ ሳነበው ባምፖሉ፣
አንዲት መሥመር አለች በየገጹ ሁሉ፦
«ለሀብታም፣ ዐሥር ብር።» አንድ ሳምንት አትስትም።
«ለመምህር» የሚል ግን አላየሁበትም።
ምን ይል ሰው ቢያየው? ዘይት ተቀንሶ፣
ለሀብታም የሚሰጥ ካፍ ላይ ተመልሶ!

ሀብታም ግን ልጄ ናት፣ የስድስት ዓመቷ፣
ጥርስ የወለቀባት ሁለቱን ከፊቷ።
ስሟን ስናወጣ ደሞዝ ቆሞ ነበር፤
እስኪ በስም እንኳ፣ ብለን፣ ቤቱ ይክበር።

አልጋው ሥር ተገኘ የቲማቲም ጣሳ፣
በሰም የታሸገ፣ ክዳን እንዳይነሣ።
ሰሙን በጥፍሬ ጫፍ ልፍቀው ስል፣ ተነሥታ
«አምፖል አጥፋ፣ ተኛ» አለችኝ አዛግታ።

አጠፋሁ። ጨለማው ቆጣሪ አያዞርም፤
ሐሳብ እንደ መብራት ክፍያ የለውም።

ጧት ሀብታም በሩ ላይ ሸሚዜን ዳበሰች፤
«አዲስ ገዛህ፣ አባ?» ብላኝ ፈገግ አለች።
እናቷ ከጓዳ ጉሮሮ ጠረገች።
«አዎን» አልሁ። ውሸት ነው፤ ሳንቲም አላስወጣ፣
ከደብተሩ ዓምድ ላይ የትም ገጽ አይመጣ።