የመጋዘኑ ዘበኛ መዝገብ

ሃያ ሁለት ዓመት ይኸን በር ጠበቅሁ፣
ነጩን ከሠርገኛው ሲፈስስ በድምፁ አወቅሁ።
«ገቢ» እጽፋለሁ፣ «ወጪ» እጽፋለሁ፣
ማታ ቁልፉን ይዤ ቤቴ እገባለሁ።
በኋላ መጋዘኑ ባዶውን ቀረና
አይጥ እንኳን ጥሎት ሄደ ከቢቸና።

አምና ግንቦት ሲብት ልጆች መጡ ከደጅ፣
ከበሮ፣ ማሲንቆ፣ የተጣፈ ክራር፤
ሙሽራዋ ጠፍታው የሚዞር ሰርግ እንጅ
ሌላ አይመስልም ነበር።
«አያ አንማው» አሉ፣ «ማኅተም አለን፣ ደብዳቤ፤
የሙዚቃ ማዕከል ሆኗል ይኸ ቤት።»
«እኔስ?»
«አንተማ ያው ነህ። ያው በር፣ ያው ቁልፍ፣ ያው መዝገብ።»
ከኩንታል ወደ ሰው ተዛወርሁ እንዲህ፣
ያለ ዕድገት፣ ያለ ደመወዝ ጭማሪ።

ማዕከል ይሉታል እንጂ ጣራው ያፈሳል፣
ወንበሩ አሥራ ስምንት፣ የቀረው ሰው ጆንያ ላይ ያርፋል።
የክራር ጅማት ሲበጠስ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ይገባል።
በገበያ ቀን ከሸበል፣ ከደባይ የሚመጣው ሰው
ጤፉን ሸጦ ሲያበቃ በዚህ በኩል ነው የሚመለሰው፤
አህያውን አስሮ ከባሕር ዛፉ ሥር
ያባቱን አንድ ዜማ አውርዶ ይሄዳል፣ እንደ አደራ እህል፣ በደረሰኝ፣ በቁጥር።
እንየው በስልኩ ይቀዳል። እኔም እጽፋለሁ፦
«ከሸበል፣ አንድ ዜማ፣ ገቢ። ሚዛን ያልወጣ።»

ከመስኮቱ ውጭ አንድ የቅኔ ተማሪ ይቆማል፤
አይገባም፣ አይሄድም።
የወፍጮ ቤት ልጅም አለች፣ ይታይሽ፣ ቅንድቧ ዱቄት፣
ቤቱን ጠርጋ ስታበቃ ዋሽንት ትነፋለች፣ ሰው በሌለበት።
«ዋሽንት የወንድ ነው» ያላት ሰው አለና፤
ማን እንደሆነ አልጽፍም።
(እኔ ነኝ።)

በጥቅምት ዝግጅት ሆነ፤ መግቢያ አሥር ብር።
ምንይችል ከማርቆስ ሞንታርቦ አምጥቶ፣
ሽቦ ከሽቦ ጋር አያይዞ፣ ለፍቶ፣
«ሄሎ፣ ሄሎ» ሲል መብራት እልም አለ፤
ምን ይችላል ምንይችል? ሽቦውን በክብሪት እያየ ዋለለ።
ጭለማው አጉረመረመ። «ብራችን!» አለ አንዱ ከኋላ፤
እኔም የብሩን ሣጥን ታቀፍሁ፣ ልማድ እንጂ ምን ሌላ።

ከዚያ ቀጭን ድምፅ መጣ፣ እንደ ውኃ በሽንቁር፤
ጣራው ያፈሰሰ መስሎኝ ቀና አልሁ፤
ዋሽንት ነው። አንድ ዙር። ሁለት ዙር።
ማንም «በርቺ» አላለ፣ ማንም አላጨበጨበ፣
ማሲንቆው ከኋላዋ ገብቶ በቀስታ አጀበ።
ይታይሽ አልታየች፣ እንየውን አላየነው፤
ስማቸው ብቻ ነበር ጭለማው ላይ የሚቀልደው።
ያ ተማሪ ከመስኮቱ አንድ ስንኝ አቀበለ፤
ሰሙን ሰምቶ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ወርቁ ግን እኔን ቤቴ ድረስ ተከተለ።

ከበሮው ሲመታ ያኔ ነው የሆነው፤
ጣራው ተንቀጠቀጠ፤ ከወጋግራው ስንጥቅ
ከሃያ ሁለት ዓመት ቆጠራ ያመለጠው
ጤፍ ይረግፍ ጀመር፣ ረቂቅ፣ ከትቢያ የረቀቀ ረቂቅ።
በሩን በረገድሁት፣ ጨረቃ ትግባ ብዬ፣ ቲኬት ሳልጠይቃት፤
አየሁት በሰው ትከሻ ላይ፣ በክራሩ ቆዳ፣
በይታይሽ ቅንድብ፣ ከዱቄቱ ጋራ።
ጤፍን ጤፍ ያሏት ብትወድቅ ስለምትጠፋ ነው፣ ይባላል፤
የጠፋ ነገር የት እንደሚቆይ እንግዲህ ማን ያውቃል።

ሌሊት ፋኖስ አብርቼ መዝገቡን ከፈትሁ።
ሰው፦ ገቢ መቶ አርባ ሦስት፣ ወጪ መቶ አርባ ሦስት።
ብር፦ ለሞንታርቦው ኪራይ፣ ዝም ብሎ ላደረው።
ከመስኮቱ ውጭ ለቆመው ባዶ መሥመር ተውሁ።
ለይታይሽ «ይቅርታ» ልጽፍ ነበር፤
ዓምድ የለውም። መዝገብ ነዋ።
ኮቴን ሳራግፍ አንዲት ፍሬ ወደቀች፤
ጣቴን አርሼ አነሣኋት፣
ወደ ፋኖሱ አስጠጋኋት፣
ጻፍሁ፦
«ጤፍ፣ ነጭ፣ አንድ ፍሬ። ገቢ።»