ሁለት ጣሳ ዘይት

ኬውሩ ላይ፣ በየካቲት፣ ሐይቁ እንደ አስፋልት ሲደድር፣
ጋራዡ ውስጥ ምድጃው እንጨት ይበላል እንጂ አያሞቅም ነበር።
ያልማሪ ከሞተ ይኸ ሦስተኛው በረዶ ነው፤
ቱይሬ ሸራ አልብሳ ያቆየችውን መኪና
ዛሬ ገለጠችው።
ያ ነጭ ኤስኮርት፣ ከኋላ የሚገፋ፣
ጎኑን ጠጠር የነቀሰው፣ የበሩ ቁጥር የጠፋ።

እኔ የእህቷ ልጅ፣ ቴርሆ፣ ከከተማ መጣሁ በኩራት፣
በብብቴ ሸጉጬ አንድ ትልቅ ጣሳ ዘይት፤
«ለካምቢዮም ለዲፈረንሻልም» ይላል ጀርባው ላይ፣
ዋጋውም ወርዷል በግማሽ።
አነበበች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች፤
«ለሁሉ የሚሆን ለማንም አልሆነም» አለች።

ክዳኑን ፈታ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችው፤
የከረመ እንቁላል፣ የተጫረ ክብሪት ሽታ ነው።
«ድኝ ነው፤ ጉልበቱ ከዚህ ነው።
ከኋላ ፒኞኑና ትልቁ ጥርስ
ጎን ለጎን እየተንሸራተቱ ነው የሚዞሩ፤
ዘይቱን ከመሃላቸው ገፍተው
ብረት ብረትን ሊነክስ ሲል
ድኙ ይነጠፋል፣ ይማልዳል።
ካምቢዮው ውስጥ ግን ነሐስ አለ፣ የማርሽ ቀለበት፣
ለስላሳ አንጀት።
ሲግል ድኙ ይልሰዋል፣
ቢጫው ይጠቁራል፣
ሁለተኛ ስትጠይቀው ይጮኽብሃል።»

ከጠረጴዛው አሮጌ ቀለበት አንስታ
አራት ጣቶቼ ላይ አጠለቀችው።
«የዚህ ሥራው መያዝ ነው፤
አንዱ ሲሮጥ አንዱ ሲያዘግም መሃል ገብቶ፣
እስኪስማሙ ይፋተጋል።
ዘይቱ ካቀማጠለው ያልፋቸዋል እንጂ አያስታርቃቸውም፤
ፍትጊያ የሌለበት ሰላም
ማርሽ አያስገባም።»

ተመለስኩ ወደ ሱቁ። ሁለት ጣሳ፣ በሙሉ ዋጋ።

ስመጣ የያልማሪን ደብተር ዘርግታዋለች፣
ጠርዙ በቅባት የወዛ።
ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ብርድ፣ ዘይት።
«ሰማንያ ዘጠና። ወፍራም ይሻላል» ይላል የሱ እጅ፤
ከሥሩ በቀይ እርሳስ፣ የሷ፦
«አይሻልም! በዚህ ብርድ ማር ነው።»
ቀጥሎ፦ «ሰባ አምስት ዘጠና። እንዳልሽው።
ግን በበጋ እንተያያለን።»
በበጋም ተያዩ።
አርባ ዓመት፣ በውፍረትና በቅጥነት።
ሙግት የሌለበት ገጽ ፈለግሁ፤ አጣሁ።

ከሥር ገባሁ። የዲፈረንሻሉን ቡሎን ፈታሁ፣
ጥቁሩ ዘይት እየተለጠጠ ወረደ።
የቡሎኑ ማግኔት ግራጫ ጠጉር አብቅሏል፣
እንደ አይጥ ጀርባ።
«በጣትህ እሸው» አለች ከላይ፤
«ከለሰለሰ እርጅና ነው፣ ከወጋህ ስብራት።»
አሸሁት።
«እርጅና» አልኳት።
«እሱስ ደግ ነው።»

አዲሱን ሞላን፤ ቀረ አንድ ነገር።
ይኸ ዲፈረንሻል ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ የሚያስር፣
በውስጡ ትንንሽ ፍሪሲዮን የተደረደረ ነው፤
ከዘይቱ ሌላ ጠብታ መድኃኒት ይሻል።
ካነሰው፣ በጠባብ ኩርባ ወባ እንደያዘው ይንቀጠቀጣል፤
ከበዛው፣ ማሰሩን ይረሳና
አንዱ ጎማ በረዶ ላይ ለብቻው ይጨፍራል።
መርፌውን ይዛ ስትቀዳ፣
«ስንት?» አልኳት።
«ስልሳ። ያልማሪ ቢሆን ሰማንያ ይል ነበር፣
ግትር።»
ስልሳ ጨመረች።
ክዳኑን አነሳች። ልትዘጋ።
ቆመች፣
መርፌውን መልሳ ነከረች፣
ሃያ ቀዳች።

ሌሊቱን ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ አራት ወረደ።
ሲነጋ ሐይቁ ላይ ወጣን፣
በረዶው ከሥራችን ሩቅ ቦታ ተሰነጠቀ፣ ዝም አለ።
አንደኛ። ሞተሩ ጎረነነ።
እሷ ከጎኔ ጆሮ ግንዷን ወደ ወለሉ አዘነበለች፣
ቆቧን አውልቃ።
ፍሪሲዮን ረገጥኩ። ሁለተኛ፦
ጥቂት እምቢ አለ፣ የአንድ ትንፋሽ ያህል፣
ከዚያ ቀጭ።

«ሰማህ?» አለች።
እኔን አልመሰለኝም።