ከማሩ የቀረው

ሲመሽ ከጣና ዳር፣ ከመንገድ መብራት ሥር፣
ፌንጣ እለቅማለሁ፣ ጎንበስ ቀና ስዞር።
አንድ ሃይላንድ ሙሉ፣ በቀኑ መጨረሻ፣
ብብቴ ሥር ይንጣጣል፣ ልክ እንደ ፈንዲሻ።
«ለዓሣ ነው?» ይሉኛል፣ ጀልባ ጠባቂዎች፤
«ለስኳር ነው» ስላቸው፣ ይስቃሉ ዓሣ ጠባሾች።

ላብራቶሪ ገብቶ፣ ደርቆና ተወቅጦ፣
በአልኮል ተዘፍዝፎ፣ ሦስት ቀን ተቀምጦ፣
ከዚያ ሁሉ እግር፣ ከዚያ ሁሉ ጩኸት
የምትቀረኝ ጠብታ፣ የሻይ ቀለም አላት።

ስድስት አይጦች ቀመሱ።
የአራቱ ስኳር ወረደ።
የሁለቱን አላውቅም፤ ደብተሬ ላይ ባዶ ነው።

አባቴ አጣናው፣ የደንገል ታንኳ አሳሪው፣
ኢንሱሊኑን ከጋን ሥር፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ የሚቀብረው፣
ባለ አራት ጣት እግሩን ዘርግቶ ሰማኝ፦

«አይጥ አይደለሁምና፣ ከነሱ አትቁጠሪኝ፤
አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ካወቅሽ ንገሪኝ።
ዮሐንስ በምድረ በዳ፣ ሲጸልይ ሲሰግድ፣
አንበጣና የዱር ማር፣ ሁለት ነው የሱ ማዕድ።
የኔታ ‹ቅጠል ነው፣ አንበጣው› አሉኝ፤
አንቺ ደግሞ ክንፉን፣ በጠርሙስ አሳየሽኝ።
ይሁን። ክንፍም ይኑረው።
ማሩን ሐኪም ነሳኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤
ከዮሐንስ ገበታ፣ የቀረኝ ይኸው ነው።
መቼ ይደርሳል?»

«ገና ነው» አልኩት።
የማታውን መርፌ ከአሸዋው አወጣሁለት።

ከጠርሙሱ ያመለጠ አንድ ፌንጣ
ከጋኑ ጀርባ ሲጮህ አደረ።
አባቴ በጨለማ፦
«ይኼኛው አልሰማም፣
ቅጠል መባሉን።»