ጣቢያ ሰባት

ሞተር ጀልባው እስከዚህ ነው፣ ከዚህ ወዲያ አያልፍም፤
ሣሩ አንገቱን ካነቀው፣ ቢጮኽ ቢያጓራ አያተርፍም።
እና ወደ ይማም ታንኳ ተሻገርን፤ እኔ፣ እርሳሴ፣ ገመዴ፣
ቅጠል የማደርቅበት የአምና ጋዜጣ፣ ታጥፎ በክንዴ፤
አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የብረት ክፈፍ፣
ሐይቁን እንደ ድፎ ቆርሶ፣ የቆረሰውን የሚያጽፍ።

ታንኳው ከሥር ያስገባል። ቅዝቃዜው ሱሪዬን አልፎ ጉልበቴ ደረሰ።
ይማም ፊቴን አየና፣ ሳልጠይቀው መለሰ፦
"ደንገል ይጠጣል እንጂ አይሰጥምም፤
ሲጠግብ ፀሐይ አሰጣዋለሁ፤ ጠግቦ ግን አይቀዘፍም።"

ጣቢያ አንድ። ክፈፉን ጣልኩ። ደለሉ ተነሣ። እስኪጠራ ጠበቅን።
ፊላ፣ አሥራ አራት።
ቄጤማ፣ መቁጠሩ አይሆንም፣ ከመቶ ሠላሳ እጅ።
ድንጋዩን የሸፈነ ዋቅላሚ፣ ጣቴን ሳስገባ የሚለሰልስ፣
ልክ እንደ ተኛ ልጅ
ፀጉር።
ቅጼ ላይ "የአገር ስም" የሚል ዓምድ አለ፤ ሁልጊዜ ባዶውን ይመለሳል።
"ይሄ ምን ይባላል?"
አሸተተው። "ዓሣ የሚበላው።"
"ይሄኛውስ?" "ዓሣ የማይበላው።"
"ያኛውስ፣ ሪባን የመሰለው?"
"እሱ መረብ የሚበላው።"
ሦስቱንም ጻፍኩ። የላቲኑ ስም ስለ ሆዳቸው አያውቅም።

ጣቢያ አራት፣ እምቦጭ። ሐምራዊ አበባ እስከ ዐይን ጥግ፤
ያምራል እንጂ አይምርም፤
ክፈፌ ውስጥ ለሌላ ዘር ስንዝር አልተረፈም።
ይማም ዘንጉን ተጭኖ አለፈው፣
ሰላም እንደማይሉት ጎረቤት፣ ፊቱን ወደዚያ አዙሮ።

አምስትን ዘለልነው፤ ጉማሬ ከነግልገሏ ተኝታበታለች።
ቅጹ ምክንያት ይጠይቃል፤ "ባለቤቷ አለች"
ብዬ ጻፍኩ።
ስድስት፣ ሸምበቆና ነፋስ። ነፋሱን አልቆጠርኩም።

ጣቢያ ሰባት የደሴቷ ጀርባ ነው፣ እንግዳ የማያየው ወገን።
ከእኔ በፊት የመጣው መምህር አንማው
በሰባ ስምንት፣ በሰማያዊ ቀለም እንዲህ ብሎ ትቶልኛል፦
"ደንገል፤ ጥቅጥቅ፤ ታንኳ አያስገባም፤ መለካት አልቻልንም።"
ዛሬ በቆሎ ቁልቁል ወርዶ ከውሃው አፍ ለአፍ ገጥሟል።
ክፈፉን ጣልኩ።
ደለል። ውሃ የያዘ የላም ኮቴ።
ደግሜ ጣልኩ። ሦስተኛ ጣልኩ።
"ደንገል፣ ዜሮ" አልኩ ጮክ ብዬ፣ እንደ ልማዴ።

"ዜሮ ምንድን ነው?"
"የለም ማለት።"
"የሌለውን እንዴት አድርገሽ ትጽፊዋለሽ?"
እርሳሴ ክቡን ጀምሮ ነበር፤ ሳይገጥም ቆመ።
ይማም ዘንጉን ጭቃው ላይ ተከለና፣ በቆሎውን እያየ፣
"አባቴ እዚህ ጋ ሲያጭድ ጠፍቶብን ነበር" አለ።
"ደንገሉ ውጦት። ስንጣራ ድምፃችንን ይበላዋል።
በሳሉ ነው ያገኘነው። ማታ ላይ ሳለ።"

ዝም አልን። አንድ ወፍ በሰማዩ ሌላ ቦታ ፍለጋ አለፈ።
የተቀመጥኩበትን ታንኳ በመዳፌ መታ አደረግሁ፤
"ታዲያ ይሄን ከየት አመጣኸው?"
"ገዛሁት። ከማዶ። በአይሱዙ ተጭኖ መጣ።"
ደንገል፣ በአይሱዙ! ብሎ ሳቀ፤
ብቻውን ሳቀ፣ ብቻውን ጨረሰ።

ሕጉን አውቀዋለሁ፤ ሥር የሌለው አይቆጠርም።
ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ በቀይ አርሜያለሁ።
ግን ከዓምዶቹ ሁሉ መጨረሻ፣ "አስተያየት" በሚለው ጠባብ ቦታ፣
ፊደሌን አሳንሼ ጀመርኩ፦
"ደንገል፤ አንድ፤ የታሰረ።
ከውሃው በላይ፣ ከሁለት ሰው በታች።
ሁኔታው፦"
እዚህ ላይ ቀና ብዬ አየሁት።
ውሃው ጫማዬን አልፏል።
"ጻፊ እንጂ" አለ ይማም፣ ዘንጉን እየነቀለ፣
"ቶሎ ጻፊ፤ ጠግቧል።"